ምራቅ ነው፣ ይደገም

ኅዳር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጌታነሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እንደተውሽኝ ነኝ፤ ቀን ከማይክሮስኮፑ ጋር፣ ማታ ከባዶው ቤት ጋር። ለጠየቅሽኝ ሁሉ በየተራው ልመልስ። አዎ፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አውጥቼዋለሁ። አዎ፣ ምሳ እበላለሁ። የዝውውሩ ነገር ግን ዘንድሮ አልሆነም፤ ጤና ጽሕፈት ቤቱ አንዲት ነርስ ብቻ ያለችበትን ክሊኒክ ባዶ አናስቀርም ብሏል። አንቺ እዚያ ጓሳ ጥግ፣ እኔ እዚህ ከተማ፣ በመካከላችን የጌጡ በቅሎ። ትዳራችን ይኸው ሆነ።

ወደ ሥራው ልግባ። ጌጡ ሳጥኑን በደህና አድርሷል፤ ጓሳ ሣር ጎዝጉዞ ስለጫነው አንድም ዕቃ አልፈሰሰም። ከላክሽው ግን ግማሹ ለምርመራ አይሆንም። እኔ የምፈልገው አክታ ነው፤ ከሳንባ የመጣ፣ ወፈር ያለ፣ ቢጫም ይሁን አረንጓዴ። ሰዎችሽ የላኩልኝ ምራቅ ነው። እንደ ውኃ የጠራ፣ አረፋ የያዘ ምራቅ መስታወት ላይ ቀብቼ ቀኑን ሙሉ ባፈጥበት ተሕዋሲውን አላገኘውም። የለበትም ብዬ ብጽፍ ደግሞ የታመመውን ሰው ደህና ነህ ብዬ ወደ ልጆቹ መስደዴ ነው። ስለዚህ በየወረቀቱ ላይ «ምራቅ ነው፣ ይደገም» ብዬአለሁ። እንዳትቀየሚኝ።

በተለይ የኔታ መርስዔ ኃዘን የሚባሉት ሽማግሌ የላኩት አሳቀኝ። እንባ እንኳ ከዚያ ይወፍራል። ቅኔ ያስተምራሉ ብለሽ ነበር፤ ጉልበታቸውን ሁሉ ለተማሪዎቻቸው ጨርሰው ለእኛ ምንም አላስተረፉም መሰለኝ። በይ እኒህን ሽማግሌ እንደምንም ብለሽ እንዲስሉ አድርጊያቸው።

የሚያስብልሽ፣ አወቀ

ኅዳር 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአወቀ፤

እንደምን ከረምህ? እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ የተበላሸው እጄ በውርጩ ተሰነጣጥቆ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ምራቅ ነው ማለትህ ልክ ነው፤ አልተቀየምኩም። የኔታ ዘንድ የሆነውን ልንገርህና አንተም ሳቅ። የማለዳውን አክታ እንዲያመጡ ዕቃውን የሰጠኋቸው በቁስቋም ዋዜማ ነበር። በማግሥቱ ቀድሰው እንደሚቆርቡ እኔም ዘነጋሁት፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ እንደማይተፋ ለአንተ አልነግርህም፤ አባትህ ቄስ ናቸው። እና የኔን ትእዛዝ ላለመተላለፍ ሲሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመግባታቸው በፊት፣ በችኮላ፣ ሳይስሉ እንትፍ ብለው ክዳኑን ገጠሙት። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሳሉን በነጠላቸው አፍነው፣ የመጣውን እየዋጡ ዋሉ። ለእኔም ለእግዚአብሔርም የታዘዙ መስሏቸዋል።

አሁን ቅዳሴ የሌለበትን ቀን መርጠን፣ እኔ ራሴ በማለዳ ሄጄ እንዴት እንደሚወጣ አሳይቻቸዋለሁ። ከዚህ ሳጥን ጋር የመጣው የዚያ ነው። እባክህ ቶሎ እየው፤ እየከሱ ነው፣ ሌሊት ሌሊትም ያልባቸዋል። ተማሪዎቻቸው ከሳቸው ጋር በአንድ ጎጆ ጎን ለጎን ነው የሚተኙት። ያንተ ወረቀት ካልመጣ ደግሞ መድኃኒቱ አይወጣልኝም።

እናትህን እስከ ቀየት ድረስ ወርደህ ጠይቃቸው። ስጠይቅህ ስለሳቸው ዝም አልከኝ።

ጌታነሽ

ታኅሣሥ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጌታነሽ፤

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ጌጡ ነገር ጣል አድርጎብኝ ነው የሄደው። ሳጥኑን ሲያወርድ «የኔታ እንዴት ናቸው፣ በዚያ ዕድሜ ሳሉን ይችሉታል?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። «የምን ዕድሜ ጋሼ? ከእርስዎ ቢያንሱ እንጂ አይበልጡም። ዲያቆን ናቸው እኮ፣ ገና አላገቡም። ድምፃቸውን ቢሰሙት! ማኅሌት ሲቆሙ ሴቱ ሁሉ ከቤቱ ነቅሎ ይወጣል» አለኝ። ጆሮዬ ቆመ።

እኔ ሽማግሌ ብዬ ስጽፍልሽ አንቺ ዝም አልሽኝ። ስለ ቁስቋምም፣ ስለ ነጠላውም፣ ስለሚያልበው ላብም ጻፍሽ፤ ስለ ዕድሜው አንዲት ቃል የለም። የኔታ እያልሽ ጢም አብቅለሽ፣ ምርኩዝ አስይዘሽ ላክሽልኝ። እኔ ሞኙም ለእሳቸው ስጸልይ ነበር።

ሌሊት ሌሊት እንደሚያልበው ማን ነገረሽ?

አልደብቅሽም። ሰው ሚስቱን ለመንግሥት ሥራ ሰጥቶ እንዲህ አይቃጠልም ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን እየተቃጠልኩ ነው።

አክታውን አየሁት። ምራቅ ነው፣ ይደገም።

አወቀ

ታኅሣሥ 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአወቀ፤

ሌሊት ሌሊት ያልበዎታል ወይ ብዬ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። የሚያስል ሰው ሁሉ ይህን ይጠየቃል። አንተው ነህ ጥያቄዎቹን በካርቶን ላይ ጽፈህ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍክልኝ።

ዕድሜያቸውን ያልጻፍኩት አንተን ስለማውቅህ ነው። ባለፈው ዓመት ለክትባት የመጣው ሹፌር በመኪናው ዘመሮ ገበያ ድረስ ስላደረሰኝ ስንት ቀን እንዳኮረፍክ አልረሳሁም። ሽማግሌ ስትል ደስ አለኝ፤ በዚያው ይቅር ብዬ ዝም አልኩ። እንግዲህ ይህንን ጥፋት ካልከው ጥፋት ነው።

ከዚህ ጋር የላክሁት ግን ምራቅ አይደለም። አጠገባቸው ቆሜ ነው ያስወጣኋቸው። አፋቸውን በውኃ አስጉመጠመጥኳቸው። በረጅሙ ይሳቡ፣ ይያዙት፣ ቀስ ብለው ይልቀቁት፣ እንደገና ይሳቡ አልኳቸው። እሳቸው ሴት ፊት አክ ማለት ነውር ሆኖባቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጀርባቸውን መታ መታ ሳደርግላቸው ነው ከሥሩ ተነቅሎ የመጣው። በዓይኔ አይቼ፣ ወፍራም መሆኑን አረጋግጬ ነው ክዳኑን የገጠምኩት።

አባባ ወዳጆ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ትናንት ጠርተውኝ «ልጄ፣ ይህ ልጅ ሞቶብን ጉባኤው እንዳይበተን» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ባሌ ወረቀቱን አልጽፍም ብሏል ልበል?

ጌታነሽ

ታኅሣሥ 26 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጌታነሽ፤

ወደ ግድግዳው ዞሩ አልሽ። የምን ግድግዳ? መመሪያው አክታ የሚወሰደው ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ነው ይላል። ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም። በማለዳ፣ በጎጆ ውስጥ፣ እጅሽን ጀርባው ላይ አድርገሽ፣ በረጅሙ ሳብ፣ ቀስ ብለህ ልቀቅ! ለእኔ እንዲህ አድርገሽልኝ ታውቂያለሽ? ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ሳል ሲያንቀኝ ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ ብለሽኝ ፊትሽን አዙረሽ ተኛሽ።

ተማሪዎቹ የት ነበሩ? በሩስ ክፍት ነበር?

ውጤቱን ጽፌዋለሁ። ምራቅ ነው፣ ይደገም።

አወቀ

ጥር 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአወቀ፤

በዓሉን በደህና አሳለፍክ? እኔ ደህና ነኝ።

ጎጆ ውስጥ የሆነው ውጭ ውርጩ ስለማያስቆም ነው። እዚህ ጓሳ ላይ በጥር ማለዳ ሜዳ ላይ ቆሞ በረጅሙ የሚስብ በሽተኛ የለም፤ ትንፋሹ ይዘጋል። በሩ ክፍት አልነበረም። ነፋሱ እሳቱን ያጠፋባቸዋል። ይደገም ባልከኝ ቁጥር እዚያ ጎጆ ተመልሼ ገብቻለሁ፤ ባትወደውም እወቀው።

በዚህ ሳጥን የመጣው ከሁለት ሰው ብቻ ነው፤ የየኔታና የቤት አከራዬ የእመይቴ አልጣሽ። ሁለቱንም ተመልክተህ ስለ እያንዳንዱ የምታየውን ጻፍልኝ።

ጌታነሽ

ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጌታነሽ፤

እንደምን አለሽ? በቁጣ ስለጻፍኩት ትንሽ አፍሬአለሁ፤ ትንሽ። ሥራ ሥራ ነውና የጠየቅሽኝን ልመልስ።

የእመይቴ አልጣሽ አክታ ለተማሪ ማስተማሪያ የሚሆን ነው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ምራቅ ያልገባበት። በቀይ ቀለም ነክሬ ከሌንሱ ሥር ሳስገባው ተሕዋሲው እንደተበተነ ቀይ ክር በየቦታው ታየኝ። ቲቢ ነው፣ ብዙ ነው። አሮጊቷ ምስኪን፣ ሳያጉረመርሙ እንዴት ያለ በሽታ ተሸክመዋል! መድኃኒታቸውን በስማቸው አስወጥቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጌጡ ልኬዋለሁ፤ ነገውኑ አስጀምሪያቸው።

የዚያ ሰው ግን ያው ነው። ክዳኑን ስከፍተው ገና አወቅሁት። ቀጭን፣ አረፋ የያዘ፣ የማይረባ። አንዲት አሮጊት የቻሉትን አንድ ወንድ ልጅ፣ ያውም በድምፁ ሴቱን ሁሉ ከቤት የሚያስነቅል፣ እንዴት ያቅተዋል? መታመሙንም ተጠራጥሬአለሁ። ማለዳ ማለዳ የምትመጣለት ነርስ እንዳትቀርበት ይሆናል።

ምራቅ ነው፣ ይደገም።

አወቀ

ጥር 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

አወቀ፤

እመይቴ አልጣሽ አያስሉም። ደህና ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት ገብስ ሲያበጥሩ ነው ትቻቸው የወጣሁት።

የላክሁልህ ሁለቱም ዕቃ ከአንድ አፍ የወጣ ነው። የየኔታን አክታ ተቀብዬ፣ ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ፣ በእንጨት አዋሕጄ፣ እኩል ለሁለት ከፈልኩት። ከላዩ ቀጭኑ፣ ከሥሩ ወፍራሙ እንዳትለኝ አሳምሬ አዋሕጄዋለሁ። በአንዱ ላይ የሳቸውን ስም፣ በሌላው ላይ የአከራዬን ስም ጻፍኩ። አንዱን ለማስተማሪያ ይሆናል አልክ፣ ሌላውን የማይረባ።

መድኃኒቱን የኔታ ጀምረውታል። በእመይቴ አልጣሽ ስም ነው የሚውጡት። በየቀኑ እዚህ ክሊኒክ እየመጡ፣ እኔ እያየሁ ይውጣሉ፤ ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ። ይህንን የምጽፍልህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነው።

ለማንም አልከሰስኩህም። እንዳልከስህ ግን አትለምነኝ።

ጌታነሽ

የካቲት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጌታነሽ፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ መስታወት አላየሁም።

ዋሽቶ ነው ብለሽ አስበሽ ይሆናል። ብዋሽ ይሻለኝ ነበር። ጌታነሽ፣ ዕቃውን ከፍቼዋለሁ፣ አዘንብዬ በብርሃን አይቼዋለሁ፤ ምራቅ ነው የታየኝ። በማርያም እምልልሻለሁ፣ ምራቅ ነው ያየሁት። ክዳኑ ላይ ያለውን ስም ሳነብ ደሜ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ የራሱን ያያል። ስንት ዓመት በዚህ ዓይን እንጀራ በልቼ፣ ይኸው በአንድ ስም ጠፋብኝ። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ኅዳር የነበረው የእውነት ምራቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን አላውቅም።

ለኃላፊያችን ለአቶ ትዕዛዙ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ተቆጡኝ፤ ወረቀቱንም በየኔታ ትክክለኛ ስም አስተካክለው ፈረሙበት፤ አብሮ መጥቶልሻል። የኔታን ስለ እኔ ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ወይም ተይው፣ እኔ ማን እንደሆንኩም ባያውቁ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አድርጊልኝ። ከእንግዲህ በዕቃው ላይ ስም አትጻፊ። ቁጥር ብቻ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሽ፤ ማን ማን እንደሆነ አንቺ ዘንድ ይቅር። እኔ ቁጥር ላይ አልቀናም።

በየቀኑ እያየሽው መዋጥ እንዳለበት አውቃለሁ። ያንን ደንብ ያወጣው ሰው ሚስት አልነበረውም።

ይቅር በዪኝ። ጥፋቱን አውቄዋለሁ፣ ቅናቱ ግን አልወጣልኝም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምነግርሽ።

አወቀ

መጋቢት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአወቀ፤

ጾሙን እንዴት ያዝከው? ለላክህልኝ ቡናና ስኳር አመሰግናለሁ።

በቁጥር መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ ያለፉትን ሁለት ሳጥኖች ውጤት ሳነብ ደስ አለኝ፤ እንደ ድሮው ሆነሃል። የኔታ ወዛቸው ተመልሷል፣ ጉባኤያቸውንም ቀጥለዋል። ከዚህ በላይ ስለሳቸው አልጽፍም፤ ለአንተም ለእኔም ይሻላል።

ጌጡ ከስታለች ብሎህ ከሆነ ጾሙ ነው። ድምፄም የተዘጋው ብርድ መትቶኝ ነው። አትምጣ፤ መንገዱም ሩቅ ነው፣ ሥራህም ይበደላል። ይቅርታውን በተመለከተ፣ ቀስ በቀስ እየሆነልኝ ነው፤ አታጣድፈኝ።

ከፋሲካ በኋላ ትልቅ ሳጥን እልካለሁ። ሰባት ሰው ናቸው።

ጌታነሽ

ሚያዝያ 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለጌታነሽ፤

እንኳን አደረሰሽ። ይቅርታው እየሆነልኝ ነው ያልሽውን ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ጾሙ ሲፈታ ወዝሽ ተመለሰ? ወይስ የሚያከሳሽ ሌላ ሐሳብ አለ? ልተወው፤ እንዲህ አልጠይቅም ብዬ ነበር።

ሳጥኑ ደርሷል። ቁጥር አንድ ንጹሕ ነው፣ አክታውም ደህና ነው። ቁጥር ሁለት እንዲሁ ንጹሕ ነው። ሦስት ምራቅ ነው፣ ይደገም፤ ይህን ጊዜ የእውነት ነው። አራት ቲቢ አለበት፤ መድኃኒቱን ልኬዋለሁ፣ ቤተ ሰቦቹንም ጠርተሽ እያቸው። አምስትና ስድስት ንጹሕ ናቸው።

አሁን ስለ ቁጥር ሰባት። ጌታነሽ፣ ይህን ሥራ ከጀመርኩ እንዲህ ያለ አክታ ተልኮልኝ አያውቅም። አንዲት ጠብታ ምራቅ የለበትም። አፉን ታጥቦ፣ በረጅሙ ስቦ፣ ይዞ፣ ለቆ፣ እንደገና ስቦ፣ ከሳንባው ሥር ያወጣው ነው። ልኩ ልክ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ የዕቃው አፍ እንኳ ንጹሕ። ማንም ሰው አንድ ጊዜ ነግረሽው እንዲህ አያወጣም። ይህን ሰው ያስተማርሽው ብዙ ማለዳ ነው፤ ከጎኑ ቆመሽ፣ አብረሽው እየተነፈስሽ ነው። ከማንም በላይ ተጠንቅቀሽለታል። ሰው ለማይወደው ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም።

ማነው?

ቁጥር ላይ አልቀናም ብዬሽ ነበር፤ ይኸው ቀናሁ። ለሰባት ቀናሁ፣ ብትስቂ ሳቂ። የኔታ ናቸው? መድኃኒት የጀመረ ሰው አክታው እንደገና የሚታይበት ጊዜ ለሳቸው መድረሱን አስቤዋለሁ። እሳቸው ከሆኑማ በሙያዬም ማወቅ አለብኝ፤ እስካሁን እንዲህ ያለ የሚያወጡ ከሆነ መድኃኒቱ አልያዛቸውም ማለት ነው። እሳቸው ካልሆኑ ደግሞ ማን ነው ሌላው? ወንድ ነው ሴት? ይህችን ብቻ ንገሪኝ፣ ስሙን ተዪው። አይ፣ ስሙንም ንገሪኝ። ሌሊቱን ሁሉ ቁጥር ሰባት ፊቴ ላይ ተደቅኖ አደረ።

እንዳትቆጪ። መልሱን በጌጡ በቶሎ ላኪልኝ።

ያንቺው፣ አወቀ

ሚያዝያ 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአወቀ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን።

የቁጥር አራት መድኃኒት ደርሶኛል፤ ሰውየው ዛሬ ጀምሯል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ለነገ ቀጥሬአቸዋለሁ። ሦስትን አስደግሜ በዚህ ሳጥን ልኬአለሁ። የኔታ ቁጥር ሁለት ናቸው። ንጹሕ ነው ብለሃል፤ ነግሬአቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ።

ማንም ከጎኔ አልቆመም። አፌን ታጥቤ፣ በረጅሙ ስቤ፣ ይዤ፣ ለቅቄ፣ ለሌሎቹ የምላቸውን ለራሴ እያልኩ ብቻዬን ነው ያወጣሁት። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ያስለኛል። ስሜን ብጽፍበት ዓይንህ እንዳለፈው የፈለገውን ያያል ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ነው የራሴንም በቁጥር ብቻ የላክሁት፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩህ።

እንደምትለው ጥሩ አክታ ነው፤ ስለ ጥራቱ ሁለት ገጽ ጽፈህልኛል። እስኪ ደብዳቤህን መልሰህ አስበው፤ ለስድስቱም ሰው ውጤት ጽፈሃል። ለሰባት አልጻፍክም።

ጌጡን ደብዳቤውን አንብበህ እስክትጨርስ ደጅ እንዲጠብቅህ ነግሬዋለሁ። ማን እንደሆነ ነገርኩህ፤ ቲቢ አለበት ወይስ የለበትም? እሱን ጽፈህ ላክልኝ።

ጌታነሽ